ምንም ያልተፈጠረበት ቀን

አንድ ሰው የወሰነው ውሳኔ ትክክል እንደነበር በምን እናውቃለን?

ለብዙዎቻችን ጥያቄው ራሱ የጅል ይመስላል። በውጤቱ ነዋ! ከደረሰ ትክክል ነበር፤ ገደል ከገባ ተሳስቶ ነበር። በሌሊት ከአዲስ አበባ ተነስቶ፣ በየኩርባው እየቀደመ፣ ሰዉን ገና በማለዳ ደሴ ያደረሰ ሹፌር «እጁ ወርቅ ነው» ይባላል። ያው ሹፌር በዚያው ፍጥነት፣ በዚያው ኩርባ፣ ከፊት ለፊቱ ከባድ መኪና ቢመጣበት ደግሞ «ነፍሰ ገዳይ» ነው። ሰውየው ግን ያደረገው ነገር በሁለቱም ቀን አንድ ነው። የተለየው ከኩርባው ወዲያ የነበረው ነገር ነው፤ እሱን ደግሞ በሁለቱም ቀን አላየውም።

እኔን ይህ ጥያቄ የያዘኝ መጽሐፍ ላይ አይደለም። እርግጥ ፍልስፍና ተምሬያለሁ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ። «ፍልስፍና ተምረህ ምን ልትሆን ነው?» ሲሉኝ የነበሩ ዘመዶቼም በመጨረሻ መልሱን አግኝተዋል፤ ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ የጭነት መኪና ሹፌር ሆኛለሁ። ከካልጋሪ ቫንኩቨር፣ ከቫንኩቨር ካልጋሪ እመላለሳለሁ፤ አንዱ ጉዞ ወደ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ጥያቄው የያዘኝ እዚያ መንገድ ላይ ነው። መንገዱ ከሚያቋርጣቸው ተራሮች ላይ ይህንኑ ጥያቄ በየቀኑ በእግራቸው እየረገጡ የሚኖሩ ሰዎች አሉ፤ የስኖውቦርድ መሪዎች። ዛሬ የማወራችሁ ስለ እነሱ ነው።

*

«ጋይድ» ሲባል እኛ ቶሎ የሚታየን አስጎብኚ ነው፤ ላሊበላ ወይ ጎንደር ላይ «ይህ በእገሌ ዘመን ተሠራ» የሚለን። የተራራ መሪ ሌላ ነው። ሥራው ሰዎችን ወደማያውቁት ቁልቁለት ወስዶ በሕይወት መመለስ ነው።

ስኖውቦርድ ሁለት እግር በአንድ ሳንቃ ላይ ታስሮ፣ ሰውነት ወደ ጎን ዞሮ በረዶ ላይ የሚወረድበት ስፖርት ነው። መዝናኛ ቦታዎች ላይ ሰውን በወንበር ሽቅብ የሚያመላልስ ገመድ አለ፤ ቁልቁለቱም የተጠረገና የተከለለ ነው። መሪው የሚያስፈልገው ከዚያ ወዲያ ነው፤ ገመድ በሌለበት፣ ስልክ በማይሠራበት፣ ሐኪም ዘንድ ለመድረስ ሄሊኮፕተር መጥራት ግድ በሆነበት። ወደዚያ ብዙ ጊዜ የሚወጣው አንድም በሄሊኮፕተር ነው፣ አንድም በእግር። በእግር ለሚወጣ ሰው ስፕሊትቦርድ የሚባል ሳንቃ አለ። ለሁለት ተከፍሎ እንደ ስኪ ይሆናል፤ ወደ ኋላ እንዳያንሸራትት ከሥሩ ጠጉራም ጨርቅ ይለጠፍበታል። ሦስት አራት ሰዓት ሽቅብ ይወጡና ጫፍ ላይ ሲደርሱ ሁለቱን ግማሽ ገጥመው በጥቂት ደቂቃ ይወርዱታል።

አሁን ወደ በረዶው እንምጣ። በአማርኛ በሐምሌ ቆርቆሮ የሚደበድበውም፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚረጋውም፣ እንደ ጥጥ እየተንሳፈፈ የሚወርደውም ሁሉም «በረዶ» ነው። ለመሪው ግን ልዩነቱ የሞትና የሕይወት ነው። ተራራ ላይ ክረምቱን ሙሉ የጣለው በረዶ ልክ መሶብ ውስጥ እንደተደራረበ እንጀራ ነው። እያንዳንዱ ንብርብር የጣለበት ቀን፣ ሙቀቱ፣ ነፋሱ የተለያየ ነው፤ አዲሱ ሲደረብበት የታችኛው አይጠፋም። ጥርት ባለ ሌሊት በረዶው ላይ አመዳይ ይበቅላል። ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት እንደሱ የሚያምር ነገር የለም። በማግስቱ ሌላ በረዶ ሲጥልበት ግን ያ አመዳይ ከነውበቱ ይቀበራል፤ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ከላዩ ያለው ክምር ሁሉ በዚያ ስስ ነገር ላይ ቆሞ ይከርማል። ከዚያ አንድ ሰው ያልፍበታል። ሥሩ ይሰበራል፤ ቁልቁለቱ በሙሉ እንደ መስታወት ተሰነጣጥቆ ይሄዳል። የበረዶ ናዳ የሚባለው አንዱ ይህ ነው።

ሰው ከሚገድሉ ናዳዎች ከአሥሩ በዘጠኙ ገደማ ናዳውን የቀሰቀሰው ሟቹ ራሱ ወይም አብሮት ያለ ሰው ነው። አብዛኛው እንዲህ ያለ ናዳ የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባዘነበለ ቁልቁለት ላይ ነው። ስኖውቦርደሩ የሚናፍቀውም ይህንኑ ቁልቁለት ነው፤ ከዚያ በጣም ቢያንስ ሳንቃው እንደልብ አይሄድለትም፣ ደስታውም ይቀንሳል። የተቀበረ ሰው በ10 ደቂቃ ውስጥ ከወጣ የመትረፍ ዕድሉ ከአሥር ዘጠኝ ይጠጋል። ከ35 ደቂቃ በኋላ ከሦስት አንድ ቢሆን ነው። ስለዚህ ከከተማ የሚመጣ እርዳታ አይጠበቅም። ሁሉም ሰው ምልክት የሚያስተላልፍ መሣሪያ ደረቱ ላይ፣ አካፋና ረጅም ዘንግ ጀርባው ላይ ይዞ ይወጣል። የሚያወጣህ አጠገብህ ያለው ሰው ነው።

*

ከሬቨልስቶክ ከተማ ወደ ምሥራቅ ስትወጡ ሮጀርስ ፓስ የሚባል በር አለ፤ በር ስል እንደ ጣርማ በር ማለቴ ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 4 ቀን 1910 ባቡር ሐዲዱን የዘጋ ናዳ ሲጠርጉ የነበሩ ሠራተኞች ላይ ከማዶ ሌላ ናዳ መጥቶ 58 ሰው ገደለ። አውራ ጎዳናው በ1962 ከተከፈተ በኋላም ተራራው ያው ነው። በክረምት የፓርኩ ባለሙያዎች መንገዱን ይዘጉና የካናዳ ጦር ሠራዊት በመድፍ ተራራውን ይተኩሳል። አዎ፣ በመድፍ፤ በረዶው ሰው ሳይኖርበት እንዲወርድ።

ባለፈው ዓመት በጥር መንገዱ ሲዘጋ ሬቨልስቶክ ውስጥ አንድ የነዳጅ ማደያ ካፌ ሰባት ሰዓት ተቀመጥኩ። ቦታ ጠቦ ጠረጴዛ የተጋራን ሰው የስኖውቦርድ መሪ ነበር፤ ሃምሳ ዓመት ቢሆነው ነው፣ ፊቱ መነጽር ከሚያርፍበት በስተቀር በፀሐይ የተጠበሰ። የመጀመሪያ ጥያቄው «ኢትዮጵያ ውስጥ በረዶ አለ እንዴ?» ነበር። ሮቤል ተክለማርያም የሚባል የስኪ ተወዳዳሪ በ2006 ቱሪን፣ በ2010 ደግሞ እዚሁ እነሱ አገር፣ ቫንኩቨር፣ ኢትዮጵያን ወክሎ ክረምት ኦሎምፒክ መግባቱን ስነግረው ደስ አለው። ከዚያ ጨዋታ ጀመርን።

ሕይወቱ ፊልም ላይ እንደምናየው አይደለም። ንጋት 11 ሰዓት ይነሳል። ሌሊት ስንት ሴንቲ ሜትር እንደጣለ፣ ነፋሱ ከየት እንደነፈሰ፣ ሙቀቱ ስንት እንደሆነ ይመዘግባል። ተራራ ላይ ጉድጓድ ይቆፍራል። የበረዶውን ዓምድ በአራት ማዕዘን ቆርጦ አካፋ ይጭንበትና ይመታዋል፤ አሥር ጊዜ ከእጅ አንጓው፣ አሥር ጊዜ ከክርኑ፣ አሥር ጊዜ ከትከሻው። ዓምዱ በስንተኛው ምት፣ የቱ ንብርብር ላይ እንደተሰበረ ይጽፋል። ጉልበቱ ሁለት ጊዜ ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል። በበጋ እንጨት ሥራ ይሠራል፤ የተራራው ገንዘብ ዓመቱን አያደርሰውም። ሙያው ላይ ለመድረስ ዓመታት ፈጅቶበታል፤ ፈተናው ላይ ፈተና፣ ልምምዱ ላይ ልምምድ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለው ተረታችን እዚያም ይሠራል።

«እስካሁን ስንት ጊዜ አመለጥክ?» አልኩት።

«የማውቀውን ነው የማላውቀውን?» አለኝ።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ፤ እሱ ግን አልሳቀም። አስረዳኝ። ስሱ ንብርብር በቁልቁለቱ ላይ እኩል አልተዘረጋም። እዚህ ጋ ሁለት ሜትር በረዶ ከላዩ አለ፤ እዚያ ጋ ግማሽ ሜትር። ዘጠኝ ሰው በወፍራሙ በኩል አልፎ ምንም አይሆንም፤ አሥረኛው አንድ እርምጃ ወደ ግራ ይልና ስሱ ላይ ይቆማል። «አንድን ቁልቁለት መቶ ጊዜ ወርጃለሁ። ከመቶው በስንቱ ከሞት አንድ ሜትር ርቄ እንዳለፍኩ ተራራው አልነገረኝም። መቶውንም ጊዜ ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ነው የተመለስኩት።»

ዳማ ስትጫወቱ ከተሳሳታችሁ ትሸነፋላችሁ፤ በሚቀጥለው ትጠነቀቃላችሁ። ወጥ ጨው ሲበዛበት ምላስ ይናገራል። ተራራ ላይ ግን የተሳሳተ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይሸለማል፤ ያማረ በረዶ፣ የደንበኛ የደስታ ጩኸት፣ ጠቀም ያለ ጉርሻ። ትክክል የወሰነ ሰውስ? ደንበኞቹ ብዙ ሺህ ዶላር ከፍለው ከአውሮፓ መጥተዋል፤ ሰማዩ ጠርቷል፤ በረዶው ያልተነካ ነው፤ መሪው ግን «ዛሬ እዚህ አንወርድም» ይላል። አኩርፈው ይመለሳሉ። ያ ቁልቁለት ያን ቀን ይሄድ ነበር? ማንም አያውቅም፤ መቼም አይታወቅም። «ጥሩ የሠራሁባቸው ቀኖች ምንም ያልተፈጠረባቸው ቀኖች ናቸው፤ መጥፎ የሠራሁባቸውም አብዛኞቹ እንደዚያው» አለኝ።

ልምድ አስተማሪ ነው ይባላል። እዚህ ግን ልምድ ሊዋሽም ይችላል፤ የሚዋሸው ደግሞ ዝም በማለት ነው።

*

ክሬግ ኬሊን በዓለም ስኖውቦርድ የሚወድ ሁሉ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1966 የተወለደ አሜሪካዊ ነው፤ አራት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ገና ማሸነፍ ሲችል፣ ውድድሩን ተወው። ሰዓት ከሚይዙ ዳኞች ርቆ ወደ ሩቅ ተራሮች ሄደ። ከዚያም አንድ ሌላ ሻምፒዮን የማያደርገውን አደረገ፤ እንደገና ተማሪ ሆነ። በስኪ በተያዘ ሙያ ውስጥ በስኖውቦርድ የካናዳ የተራራ መሪነት ፈቃድ ለማግኘት ሥልጠና ጀመረ። በሕይወት ካሉት ሁሉ የተሻለ ቁልቁለት የሚወርድ ሰው ስለ በረዶ ገና የሚማረው ብዙ ነገር እንዳለ ወሰነ ማለት ነው። ለእኔ ከዋንጫዎቹ ይልቅ የሚበልጥብኝ ይህ ነው።

በጃንዋሪ 20 ቀን 2003፣ ከሬቨልስቶክ ብዙም በማይርቅ ተራራ ላይ፣ ልምዱ የተመሰከረለት ባለሙያ በሚመራው ቡድን ውስጥ እየተለማመደ ሳለ ናዳ መጣ። ደካማው ንብርብር የተሠራው በክረምቱ መጀመሪያ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በጣለው በረዶ ሁሉ ሥር ተቀብሮ ቆይቷል። ሰባት ሰው ሞተ፤ ኬሊ አንዱ ነበር። ዕድሜው 36 ነበር፤ ሕፃን ልጅ ነበረችው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ፌብሩዋሪ 1፣ ሮጀርስ ፓስ አካባቢ ከትምህርት ቤታቸው ጋር በስኪ የወጡ ሰባት ተማሪዎች በሌላ ናዳ ሞቱ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት አያቅትም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ለምን በዚያ ቁልቁለት? ለምን በዚያ ቀን? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ ከጥያቄዎቹም በጎ ነገር ወጥቷል። በማግስቱ ዓመት አገር አቀፍ የናዳ ማዕከል ተቋቋመ፤ ቦታዎችን በአደጋ ደረጃ የሚለይ መመዘኛም ወጣ። ግን አንድ ነገር አስቡ። ጃንዋሪ 20 ቀን በረዶው ይዞ ቢቆም ኖሮ፣ ያው ውሳኔ በማግስቱ ምን ይባል ነበር? «ልምድ» ይባል ነበር።

*

እናቴን በስልክ ስለ እነዚህ ሰዎች ሳወራት «ጥጋብ ነው» አለችኝ፤ በአንድ ቃል ዘጋችው። ብዙ አንባቢም ልቡ ውስጥ ይህንኑ እያለ እንደሆነ አውቃለሁ። ሰው ሞትን ሽሽት ባሕር በሚያቋርጥበት ዓለም፣ ሞትን ፍለጋ ተራራ መውጣት ምን ይሉታል?

ደንበኛው ላይ ቃሉ ሊሠራ ይችላል። መሪው ግን ሠራተኛ ነው፤ የሰው ጥጋብ እንጀራው የሆነ። ይህ ልዩነት አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1820 ሐሜል የሚባል ከሩሲያ የመጣ የተፈጥሮ ተመራማሪ ከፈረንሳይዋ ሻሞኒ ተነስቶ ሞን ብላን ተራራን ለመውጣት መሪዎች ቀጠረ። አየሩ ተበላሸ፤ አዲስ በረዶ ጣለ፤ መሪዎቹ አመነቱ። ደንበኛው ግን መቀጠል ፈለገ። ናዳው ሦስት መሪዎችን ስንጥቅ ውስጥ ይዞ ገባ። ደንበኞቹ ተረፉ። በ1861፣ ከ41 ዓመት በኋላ፣ የበረዶ ግግሩ እየተንፏቀቀ ወርዶ የሟቾቹን ቅሪት ከታች ሸለቆው አጠገብ አወጣው። የሻሞኒ መሪዎች ግን ያን ያህል አልጠበቁም። በ1821 በዓለም የመጀመሪያ የሆነውን የመሪዎች ማኅበር መሠረቱ፤ ለሟች ቤተሰብ መርጃም ገንዘብ ማዋጣት ጀመሩ። እኔ እንደሚገባኝ የዚያ ማኅበር ሥሩ አንድ ቀላል ነገር ነው። ብቻውን የቆመ መሪ ገንዘብ የከፈለውን ሰው «አይሆንም» ማለት ይከብደዋል። አብረው የቆሙ ይቀላቸዋል።

በእኛ ዘመን ደግሞ ኢያን ማካሞን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ከ700 የሚበልጡ የናዳ አደጋዎችን መርምሮ፣ አደጋው የሚደርሰው ባለማወቅ ብቻ እንዳልሆነ አሳይቷል። ሰዎቹ ብዙ ጊዜ ምልክቱን ያውቁታል። የሚያታልላቸው ሌላ ነው። «ይህን ቦታ አውቀዋለሁ።» «ሌሎች አልፈዋል።» «እዚህ ድረስ ደክመን መጥተን!» «እሱ ባለሙያ ነው፣ እሱ ካለ ይሁን።»

እነዚህን ስሰማ ተራራ መውጣት አላስፈለገኝም፤ ከስልኬ አውቃቸዋለሁ። አንድ ምሽት፣ መንገዱ ገና ክፍት እያለ፣ በረዶው ከመጥረጊያው በላይ ሲወርድብኝ ጥግ ይዤ ቆምኩ። ዲስፓቸሩ ደወለ። «መንገዱ እኮ አልተዘጋም። ሌሎቹ አልፈዋል። አንተ ምን ሆነሃል?» እኛ የሚከፈለን በተነዳ ርቀት ነው፤ የቆመ መኪና አይከፈለውም። አልተነሳሁም። በማግስቱ ጠዋት ሬዲዮ ከፈትኩ፤ በዚያ መንገድ ላይ ያን ሌሊት ምንም አልተፈጠረም። ሁሉም በሰላም ገብተዋል። የጭነቱ ቀጠሮ አልፏል፤ የሚቀጥለው ጭነት ለሌላ ሰው ተሰጠ። እስከ ዛሬ ትክክል መሆኔን የሚመሰክርልኝ ነገር የለም። ያን ሌሊት የማየውን አይቼ ወስኛለሁ፤ ነገም ያንኑ ባይ ያንኑ አደርጋለሁ። ጎበዝ የተባሉት ግን ያለፉት ናቸው።

*

እ.ኤ.አ. በ1976 በርናርድ ዊሊያምስና ቶማስ ኔግል የተባሉ ሁለት ፈላስፎች በዚህ ጉዳይ ላይ ጽሑፍ አቀረቡ። ርዕሳቸውን በአማርኛ «የግብረገብ ዕድል» ብንለው ያስኬዳል። ከእነሱ በፊት ካንት፣ የሰው ፈቃዱ መልካም ከሆነ ምንም ባይሳካለት እንኳ ዋጋው አይቀንስም ብሎ ነበር። ኔግል ግን እንዲህ ይላል። አንድ ሹፌር ፍሬኑን ሳያስፈትሽ ይነዳል። ሕፃን መንገድ ላይ ከገባበት ገዳይ ነው፤ ካልገባበት ትንሽ ቸልተኛ ሰው ነው። ልዩነቱን የሠራው ሕፃኑ ነው እንጂ ሹፌሩ አይደለም። ታዲያ ሰውን እሱ ባላደረገው ነገር እንዴት እንፈርድበታለን? ግን ደግሞ እንፈርዳለን፤ መተውም አንችልም።

እኛ ለዚህ ሁለት የተዘጋጁ መውጫዎች አሉን። አንደኛው «የአርባ ቀን ዕድሉ ነው» ነው። ለቅሶ ቤት ውስጥ ይህ ቃል ስንት ሰው ከመሰበር እንዳዳነ አውቃለሁና አልንቀውም። ከተራራው መልስ ግን አደገኛ ነው፤ ሁሉም የአርባ ቀን ዕድል ከሆነ ጉድጓድ መቆፈር፣ ዓምድ መምታት ለምን ያስፈልጋል? ሁለተኛው መውጫ «ጥፋተኛው እሱ ነው» ነው። ይህኛው እኛን ስለሚያረጋጋን ነው የምንወደው። እሱ ስለተሳሳተ ነው የሞቱት፤ እኛ አንሳሳትም፤ ስለዚህ አንሞትም።

ዊሊያምስ ያመጣው ምሳሌ ደግሞ፣ ይገርማችኋል፣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ምንም ጥፋት የለበትም፤ ግን ሕፃን ገጭቶ ገደለ። ከዳር ሆኖ ካየ ሰው የተለየ ነገር ይሰማዋል። እኛም «አንተ ምን ታደርግ» ብለን እናጽናናዋለን፤ ማጽናናታችንም ትክክል ነው። ግን ቶሎ ከተጽናና፣ «እውነታችሁን ነው» ብሎ ሻዩን መጠጣት ከጀመረ፣ ልባችን ይሸሸዋል።

ካፌው ውስጥ ያ ሰው ሦስተኛ ቡናውን ይዞ አንድ ነገር ነግሮኝ ነበር። ከዓመታት በፊት እሱ ምክትል ሆኖ በወጣበት ቡድን አንዲት ደንበኛ ሞታለች። ተጣራ፤ ጥፋት አልተገኘበትም። «ወረቀቱ ቤቴ አለ። ወረቀቱን አምናለሁ» አለኝ። «ግን ያን መስመር በጣቴ ያሳየሁት እኔ ነኝ።» በየዓመቱ በዚያ ቀን ሥራ አይገባም። ንስሐ አይደለም፤ የሚናዘዘው ኃጢአት የለውም። ራሱን መቅጣትም አይመስለኝም። ጥፋቱ የእሱ ባይሆንም ድርጊቱ የእሱ ነው፤ ያንን ለማንም አሳልፎ አልሰጠም። በዚህ ምድር ላይ አንድ ሰው እንዲመራኝ ብመርጥ የምመርጠው ይህን ሰው ነው።

*

ታዲያ ውጤት ምስክር መሆን ካልቻለ በምን እንመዝን? መሪዎቹ መልሱን በመጽሐፍ አልጻፉትም፤ በሥርዓት ነው የሠሩት።

በሄሊኮፕተር የሚያወጡ ድርጅቶች ውስጥ ጠዋት ጠዋት ሁሉም መሪዎች ይሰበሰባሉ። የቁልቁለቶቹ ዝርዝር አንድ በአንድ ይነበባል፤ ይህ ክፍት፣ ይህ ዝግ። አንድ መሪ፣ የመጨረሻው ጀማሪ ቢሆን እንኳ፣ «አልተስማማኝም» ካለ ያ ቁልቁለት ለቀኑ ይዘጋል። ማስረጃ አምጣ አይባልም። ከሁሉ በላይ የወደድኩት ደግሞ ይህን ነው፤ ጠዋት የተዘጋ ቁልቁለት ቀን በረዶው የቱንም ያህል ቢያምር እዚያው ቆሞ አይከፈትም። ጠዋት ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ የተቀመጠው አእምሮ፣ እኩለ ቀን ላይ የሚጎመጀውን አእምሮ አስቀድሞ አስሮታል።

የጉድጓዱ ፈተናም እንደዚያው ነው። ውጤቱ መጥፎ ከሆነ ቁልቁለቱን ይዘጋል፤ ጥሩ መሆኑ ብቻውን ግን አይከፍትም። ማታ ደግሞ የየድርጅቱ ባለሙያ ያየውን ለሌሎቹ ያሳውቃል፤ የት ተሰነጠቀ፣ የት ወረደ፣ የት አስፈራ። ካናዳ ውስጥ ይህ ልውውጥ ከ1991 ጀምሮ አለ። በገበያ የሚፎካከሩ ሰዎች ናቸው፤ ስለ በረዶ ግን አይደባበቁም። አንዱ መሪ ዕድሜውን ሙሉ ብቻውን ሊያየው የማይችለውን በአንድ ክረምት ያያሉ። የሚዋሽ ልምድን የሚያርመው የብዙ ሰው ልምድ ነው፤ ያውም ያመለጡበትን ሳይደብቁ ሲነግሩ።

ይህ ማለት ሁልጊዜ «አይሆንም» ማለት ነው? አይደለም። ሁልጊዜ «አይሆንም» የሚል መሪ ቤቱ ይቀመጥ፤ እኔም ጭነቴን ካላደረስኩ ሹፌር አይደለሁም። ይህን ሁሉ አድርገውም ይሞታሉ፤ ኬሊ ሊማር ሄዶ ነው የሞተው። ሥርዓቱ ዕድልን አያጠፋም። የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ሰው ውጤቱን ሳያይ በፊት በራሱ ላይ ሊፈርድ የሚችልበትን ቦታ ይሰጠዋል። ምን አየሁ? ማንን ጠየቅኩ? የፈለግኩት ነገር ያየሁትን ሸፍኖብኛል? እነዚህ ጥያቄዎች ናዳው ቢመጣም ባይመጣም መልሳቸው አይለወጥም። እንግዲህ ሰውን መመዘን ካለብን በእነዚህ ነው፤ ራሳችንንም ጭምር።

አማርኛችን ለተራራ መሪውም፣ ለድርጅት መሪውም፣ ለአገር መሪውም አንድ ቃል ነው ያለው። ሦስቱንም የምንመርጣቸው ደግሞ በአንድ መንገድ ነው፤ ስንት ጊዜ እንደደረሱ ቆጥረን። ካፌው ውስጥ ከመለያየታችን በፊት፣ ደንበኛ ብሆን አንድን መሪ ከመቅጠሬ በፊት ምን ልጠይቀው ብዬ ጠይቄው ነበር። ስንት ጫፍ እንደወጣ፣ ስንት ዓመት እንደሠራ አትጠይቀው አለኝ። «ለመጨረሻ ጊዜ ከመንገድ የተመለስከው መቼ ነው? ለምንስ ተመለስክ?» በለው። ቀኑንም ምክንያቱንም ቶሎ ከነገረህ ተከተለው። «እኔ ተመልሼ አላውቅም» ካለህ ቦርሳህን አንሳ።